ወርዋሪዎቹ የወደዱት፣ አለቆቹ ያሰናበቱት፦ የጆኒ ሴይን ጉዳይ

በ1966 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ የሚኒሶታ ትዊንስ ዋና አሰልጣኝ ሳም ሚሊ የወርዋሪዎች አሰልጣኙን ጆኒ ሴይንን አሰናበተ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ ከአንድ ዓመት በፊት 102 ጨዋታ አሸንፎ የአሜሪካን ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1966 ደግሞ ሁለተኛ ወጥቷል። ግራኙ ወርዋሪ ጂም ካት በዚያ ዓመት 25 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ወርዋሪዎች በሙሉ በልጧል። ካት ዜናውን ሰምቶ ዝም አላለም። ለደጋፊዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈና በጋዜጣ ወጣለት፤ እኔ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ብሆን ለሴይን የደመወዙን ልክ ራሱ እንዲሞላ ነበር ውል የምሰጠው የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ ነው። ተጫዋች ከክለቡ ጋር እንደ ንብረት ታስሮ በሚኖርበት በዚያ ዘመን ቀጣሪን በአደባባይ እንዲህ መሞገት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

አንድን ረዳት አሰልጣኝ ተጫዋቾቹ እንዲህ የሚሟገቱለት፣ አለቆቹ ደግሞ የሚያሰናብቱት ለምንድን ነው? ሴይን ከሚኒሶታ በኋላም ይኸው ነገር ደርሶበታል። ምክንያቱን ለማግኘት ሰውየው ራሱ ወርዋሪ ሳለ የሠራውን ማየት ያስፈልጋል፤ ኋላ ያስተማረው ነገር ሁሉ በገዛ ክንዱ የተፈተነ ነውና።

ቤዝቦልን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ነገር እንበል። ወርዋሪው ከጉብታ ላይ ቆሞ 142 እስከ 149 ግራም የሚመዝን ኳስ 18.44 ሜትር ርቆ ወዳለው መቺ ይወረውራል። ፈጣን ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የአንድ ቡድን ከፋች ወርዋሪዎች አራት ወይም አምስት ሆነው በተራ ጨዋታ ይከፍታሉ፤ በአንድ የውድድር ዘመን 20 ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ እንደ ታላቅ ይቆጠራል። እግር ኳስ የበረኞች አሰልጣኝ እንዳለው ሁሉ ቤዝቦልም የወርዋሪዎች አሰልጣኝ አለው። የበላዩ ዋናው አሰልጣኝ ነው፤ ማን እንደሚወረውርና መቼ እንደሚወጣ የሚወስነውም እሱ ነው። የሴይን ጣጣ ሁሉ የተነሳው ከዚህ ላይ ነው።

ሴይን በ1917 ሐቫና በምትባል የአርካንሳስ ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመኪና መካኒክ ነበሩ፤ ከርቭቦል የሚባለውን የሚታጠፍ ውርወራ መጀመሪያ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ልጁ ግን ፈጣን ክንድ አልነበረውም። ከ1936 እስከ 1941 ድረስ ስድስት ዓመት በታችኞቹ ሊጎች ቆየ፤ ብዙውን ጊዜ ያሳለፈውም በመጨረሻው እርከን ነው። ቦስተን ብሬቭስ በ1942 ሲያስገባው 24 ዓመቱ ሲሆን በዚያ ዓመት 4 አሸንፎ 7 ተሸነፈ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሴይን ባሕር ኃይል ገብቶ ሦስት ዓመት አገለገለ፣ ማብረርም ተማረ። ስለ ሕይወቱ ሲወራ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በቤብ ሩት ወሬ ይሸፈናል፤ በ1943 ያንኪ ስታዲየም ውስጥ በተደረገ የጦርነት መዋጮ ጨዋታ ላይ ጡረታ ለወጣው ዝነኛ መቺ ሩት የወረወረው ሴይን ነበርና። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን አውሮፕላኑ ነው። ማብረር መማር ትኩረት እንዳስተማረው፣ የመማር አቅሙንም እንደ አዲስ እንደቀሰቀሰለት እሱ ራሱ ይናገር ነበር። አየር በሚንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያደርገውን አጥንቶ የተመለሰ ሰው ኳስን የሚያየው እንደ ድሮው አይደለም። በ1946 ሲመለስ 20 አሸነፈ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) የሚገባበት አማካይ ነጥብም 2.21 ብቻ ነበር። በ1947 21፣ በ1948 24፣ በ1950 ደግሞ 20 አሸንፏል። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 የዘር አጥሩን የሰበረው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን የመጀመሪያውን የሜጀር ሊግ (የላይኛው ሊግ) ጨዋታ ሲጫወት ከጉብታው ላይ የነበረው የተቃራኒ ቡድን ወርዋሪም ሴይን ነው።

1948 ላይ ትንሽ እንቆይ። በሴፕቴምበር ብሬቭስ ሁለት ከፋቾቹን ሴይንንና ዋረን ስፓንን እያፈራረቀ፣ ዝናብና የእረፍት ቀናት እየረዱት፣ ሁለቱ ብቻ በ12 ቀን ውስጥ 8 ጨዋታ አሸነፉ፤ አንድም አልተሸነፉም። ሁለቱ ከወረወሩ በኋላ ዝናብ ይዝነብልን የሚለው የጋዜጣ ግጥም የተወለደው ያኔ ነው፤ የአሜሪካ ቤዝቦል ወዳጆች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘውታል። ሴይን በዚያ ዓመት 39 ጨዋታ ከፍቶ 28ቱን ያለ ተተኪ ጨርሷል። የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች በሚገናኙበት የፍጻሜ ፍልሚያ፣ በወርልድ ሲሪስ፣ የመጀመሪያ ጨዋታም የተቃራኒውን ወርዋሪ ቦብ ፌለርን 1 ለ 0 አሸንፏል። ክንድ በአጭር እረፍት መሥራት ይችላል የሚለውን እምነቱን ያገኘው ከዚህ ነው።

የዚያው ዓመት ሌላ ትምህርት ስለ ገንዘብ ነበር። ክለቡ ጆኒ አንቶኔሊ ለተባለ የ18 ዓመት ልጅ ገና አንድ ኳስ ሳይወረውር ከ50,000 ዶላር በላይ የፊርማ ገንዘብ ከፈለ። ቡድኑን የተሸከመው ሴይን ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም፤ በውድድሩ መሐል ውሉ እንዲሻሻል ጠየቀ፣ ተሻሻለለትም። በ1949 ደግሞ ስለ ክንድ የተማረው መራራ ነገር አለ። ስክሩቦል የሚባለውን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚታጠፍ ውርወራ ሲሞክር ትከሻው ታመመና ከ24 ድል ወደ 10 ድልና 17 ሽንፈት ወረደ። ብዙ የመወርወር አቅም ያሳየው ክንድ በአንድ ያልለመደው እንቅስቃሴ ተበላሸ። ስለዚህ ኋላ ወርዋሪን ሲያሠለጥን ለውርወራው ብዛት ከሚጨነቀው ይልቅ ለአንጓና ለክርን እንቅስቃሴ ነበር የሚጨነቀው።

በ1951 ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ተዛወረ፤ ከ1951 እስከ 1953 ከቡድኑ ጋር ሦስት ወርልድ ሲሪስ አገኘ፤ በ1954 ተተኪ ወርዋሪ ሆኖ 22 ሴቭ (እየመራ ባለ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ገብቶ ድሉን ማስጠበቅ) በማስመዝገብ ሊጉን መራ። በ1955 ሲያቆም 139 አሸንፎ 116 ተሸንፎ ነበር።

አሰልጣኝነቱን በ1959 ካንሳስ ሲቲ ላይ ጀምሮ ከ1961 እስከ 1963 ያንኪስን፣ በ1965 እና 1966 ሚኒሶታን፣ ከ1967 እስከ 1969 ዲትሮይትን፣ ከ1971 እስከ 1975 ቺካጎ ዋይት ሶክስን አገልግሏል። ከያንኪስ እስከ ዋይት ሶክስ ባሉት አራት ክለቦች ውስጥ ዘጠኝ የተለያዩ ወርዋሪዎች በእሱ እጅ 20 እና ከዚያ በላይ አሸንፈዋል። ምን ነበር የሚያደርገው?

አንደኛው በእጁ ይዞት የሚዞረው ዕቃ ነው። የቤዝቦል ኳስ መሐሉን በስቶ ዘንግ ያሳልፍበታል፤ ኳሱ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ልብ ይሽከረከራል። ወርዋሪው ኳሱን እንደሚወረውር አድርጎ ይይዘውና በአንጓውና በጣቶቹ ብቻ ያሽከረክረዋል። ክንዱ አይደክምም፣ ጉብታም ሆነ ቀላቢ አያስፈልግም፤ ሆቴል ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦም ይሠራል።

ጥቅሙ ይህ ነው። ኳስ የሚታጠፈው በሽክርክሪቱ ነው። ፈጣን ኳስ ከጣት ሲለቀቅ ወደ ኋላ ስለሚሽከረከር የመሬትን ስበት በከፊል ይቋቋማል፣ ብዙም አይወርድም። ከርቭቦል ላይ ጣቶቹ በኳሱ ፊት ላይ ያልፉና ኳሱ ወደ ፊት ይሽከረከራል፤ ከጀርባው ያለውን አየር ወደ ላይ ይገፋል፣ እሱ ደግሞ በአጸፋው ወደ ታች ይገፋል። ቀይ ስፌቱ ከኳሱ ወለል ከፍ ማለቱ አየሩን ለመያዝ ይረዳል። ችግሩ ሽክርክሪቱን በዓይን ለይቶ ማረም ነው፤ ኳሱ በ0.4 ሰከንድ ውስጥ አልፏል። ዘንጉ ግን ዛቢያውን ያሳያል። ዘንጉ ከኳሱ ጉዞ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ወለል ከሆነ ውርወራው በቀጥታ ወደ ታች ይወድቃል። ዘንበል ካለ ወደ ታችና ወደ ጎን ይታጠፋል። የዘንጉ ጫፍ ወደ መቺው ካመለከተ ግን ኳሱ እንደ ጥይት እየተሽከረከረ ይሄዳል እንጂ አይታጠፍም። ብዙ ወጣት ወርዋሪ አንጓዬን በደንብ አዙሬያለሁ፣ ለምን አይታጠፍም ብሎ የሚቸገርበት ምክንያት ይኸኛው ነው፤ አዙሯል፣ ግን በተሳሳተ ዛቢያ። ያንን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ከማውራት ዘንጉን አንዴ ማሳየት ይበልጣል።

አያያዙ ቀላል ነው። የመሐል ጣት በስፌቱ ርዝመት ላይ ያርፋል፣ ጠቋሚ ጣት ከጎኑ ይጠጋል፣ አውራ ጣት ከታች ተቃራኒውን ስፌት ይይዛል። ኳሱ መዳፍ ውስጥ ከገባ ሽክርክሪቱ ይሞታል። በመልቀቂያው ቅጽበት የበር እጀታ እንደሚያዞሩ ክንድን መጠምዘዝ ክርንን ይጎዳል። ሌላው የተለመደ ስህተት ከርቭቦል ሲመጣ ክንድን ማዘግየት ነው፤ ጎበዝ መቺ ይህን ወዲያው ያነባል። ቀድሞ የተለቀቀ ኳስ ደግሞ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ከሜዳው አጥር ውጭ ያርፋል። ሴይን ራሱ ፈጣን ክንድ ስላልነበረው ከርቭቦሉን በተለያየ ፍጥነትና በተለያየ የክንድ ከፍታ ይወረውር ነበር፤ ለሚኒሶታው ወርዋሪ ማድካት ግራንት ያስተማረውም ፈጠን ያለ፣ አጭር የሚታጠፍ ከርቭቦል ነው። ግራንት በ1965 21 አሸንፎ በአሜሪካን ሊግ 20 ድል የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ወርዋሪ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር ሩጫን የሚመለከት ነው። በዚያ ዘመን የወርዋሪዎች አሰልጣኝ ዋና ሥራ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ማስሮጥ ነበር። ሴይን ግን ኳስን እየሮጥክ ወደ መቺው አታደርሰውም፣ ትወረውረዋለህ እንጂ ባይ ነው። የፈለገ ይሩጥ፣ ግዴታ ግን አይደለም። ክንድ የሚጠነክረው በመወርወር ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ወርዋሪዎቹ በሁለት ጨዋታ መካከል ባሉት ቀናት ኳስ እንዲይዙ ያደርግ ነበር፤ ሙሉ ኃይል ሳይጠቀሙ፣ ለሽክርክሪቱና ለቦታው ብቻ ተጠንቅቀው። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ብዙ ወርውሩ ማለቱ በየቀኑ በሙሉ ኃይል ወርውሩ ማለት አልነበረም። ይህን ያልተረዳ አሰልጣኝ ዘዴውን ቢወስድ ክንድ ይሰብርበታል።

ዋይቲ ፎርድን እናንሳ። ኬሲ ስቴንግል ይህን ግራኝ ለከባድ ተጋጣሚ እያስቀመጠ በተዘበራረቀ ቀን ያስወረውረው ስለነበር በ1960 የከፈተው 29 ጨዋታ ነው፤ እስከዚያ ድረስ 20 ድል ደርሶ አያውቅም። በ1961 አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ራልፍ ሃውክ በሴይን ምክር በየአራተኛው ቀን አሰለፈው። ፎርድ 39 ጨዋታ ከፍቶ 25 አሸነፈ፣ 4 ብቻ ተሸነፈ፣ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማትንም ወሰደ። ክንዱ ያው ነው፣ የመሐል ጣቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከማን ጎን እንደቆመ ነው። ሴይን ወርዋሪን በሰው ፊት አይገስጽም፤ ይህን አድርግ ብሎም አያዝም። ሐሳቡን ወርውሮ ይተወውና ወርዋሪው ራሱ እንዲያነሳው ይጠብቃል። የወርዋሪዎቹን ምስጢር ለዋናው አሰልጣኝ አያቀብልም። በዚህ ላይ ደግሞ የ1948ን ትምህርት አልረሳም፤ ጥሩ ዓመት ያሳለፈ ወርዋሪ ወደ ክለቡ ቢሮ ወጥቶ የሚገባውን ደመወዝ እንዲጠይቅ ይመክር ነበር። በ1963 21 ያሸነፈው ጂም ባውተን ይህን ምክር ከሰሙት አንዱ ነው። የክለብ ሥራ አስኪያጅ ቦታ ሆነን ብናየው፣ ደመወዝ የምንከፍለው ረዳት ተጫዋቾቻችንን ጭማሪ ጠይቁ እያለ ነው ማለት ነው። ዋናው አሰልጣኝም ቢሆን፣ የቡድኑ ግማሽ የሚሆኑት ወርዋሪዎች ከእሱ ይልቅ ሴይንን እንደሚሰሙ ያያል። ሴይንን ያስወደደውም ያስባረረውም አንድ ነገር ነው፤ ታማኝነቱን ለወርዋሪው መስጠቱ። ሁለቱን መለየት የሚቻል አይመስለንም፤ ወርዋሪ ክንዱ ማመሙን የሚናገረው ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው።

ዲትሮይት ላይም ይኸው ሆነ። በ1967 ኧርል ዊልሰን 22 አሸነፈ። በ1968 ዴኒ ማክሌይን 31 አሸነፈ፤ ከእሱ ወዲህ 30 የደረሰ ወርዋሪ የለም። በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስ ሚኪ ሎሊች በሁለት ቀን እረፍት ተመልሶ ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ከተቃራኒው ወርዋሪ ከቦብ ጊብሰን ነጠቀ፤ በዚያ ፍልሚያ ሦስት ጨዋታ ጀምሮ ሦስቱንም ጨርሶ አሸንፏል። ሻምፒዮናው በተገኘ በዓመቱ ግን፣ ኦገስት 1969፣ ሴይን ከዋናው አሰልጣኝ ሜዮ ስሚዝ ጋር ተጋጭቶ ተሰናበተ።

ቺካጎ ላይ ነገሩ ተለወጠ፤ ዋናው አሰልጣኝ ቸክ ታነር ወርዋሪዎቹን ለእሱ ተወለት። አምስት ዓመት የቆየው በዚህ ነው። ከከፋቾቹ አንዱ ጉልበቱን ሲጎዳ ተተኪ የነበረው ዊልበር ዉድ ከፋች ሆነ። ዉድ ናክልቦል ወርዋሪ ነው፤ ኳሱን ያለ ሽክርክሪት ማለት ይቻላል በጣት ጫፍ ገፍቶ ይለቀዋል፣ ክንዱ ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ነው። ሴይን ይህን አይቶ በሁለት ቀን እረፍት እንዲወረውር አደረገ። ዉድ በ1972 49 ጨዋታ ከፍቶ 24 አሸነፈ። በዚያ ዓመት ቡድኑ ከተጫወታቸው 154 ጨዋታዎች 130ውን የከፈቱት ዉድ፣ ስታን ባንሰንና ቶም ብራድሊ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ 49፣ 41 እና 40።

ዘዴው ወሰን እንዳለው ያሳየውም ይኸው ቡድን ነው። ጁላይ 20 ቀን 1973 ዉድ በአንድ ቀን የተደረጉ ሁለት ጨዋታዎችን ከፍቶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በዚያ ዓመት 24 ቢያሸንፍም 20 ተሸንፏል። ለናክልቦል ወርዋሪ የሆነው ለባንሰንም ሆነ ለብራድሊ በዚያው ልክ አይሆንም። ማክሌይንም ቢሆን 31 ባሸነፈ በአራተኛው ዓመት፣ በ28 ዓመቱ ከሜጀር ሊግ ወጥቷል፤ የእሱ ክንድ የኮርቲዞን መርፌ እየተወጋ የሚሠራ ክንድ ነበር። ይህን ሁሉ በሴይን ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ ግን 20 ያሸነፉትን ብቻ ቆጥሮ መተውም ጥናት አይሆንም።

የጂም ካት ነገር ግን የሴይንን ዓይን በደንብ ያሳያል። ሚኒሶታ በ1973 ሲተወው 34 ዓመቱ ነበር፤ አብቅቶለታል ተብሎ ነው የተለቀቀው። ቺካጎ ላይ ከሴይን ጋር ተገናኘ። በ1974 ካት ከውርወራው በፊት የሚያደርገውን ረጅም የክንድና የእግር ዝግጅት ቆረጠና ኳሱን ከቀላቢው እንደተቀበለ ቶሎ ወደሚለቅ አጭር እንቅስቃሴ ገባ። መቺው ጊዜውን መለካት አቃተው። ካት በ1974 21፣ በ1975 20 አሸነፈ። ከዚያም እስከ 1983 ተጫውቶ በ283 ድል ጨረሰ፤ በ2022 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ሴይን ራሱ እዚያ የለም።

ሴይን በ1977 አትላንታ ብሬቭስ ገብቶ ከዚያ በኋላ የክለቡን ታዳጊ ወርዋሪዎች ሲያሠለጥን ከሥሩ ሊዮ ማዞኒ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ ነበር፤ ሜጀር ሊግ ያልደረሰ ወርዋሪ ነው። ማዞኒ ከሴይን የወሰደውን በአምስት ቀን ተራ ላይ አመቻቸው፦ ከፋቹ በሁለት ጨዋታ መካከል እንደ ሌሎቹ ክለቦች አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ከጉብታ ላይ ይወረውራል፣ በቀላል ኃይል፣ ዝቅ ባለ ኳስ ወደ ጠርዝ እያነጣጠረ። በ1990 የአትላንታ ዋና ቡድን ወርዋሪዎች አሰልጣኝ ሆነ። ከ1991 እስከ 1998 ድረስ ቶም ግላቪን ሁለቴ፣ ግሬግ ማዱክስ ሦስቴ፣ ጆን ስሞልትዝ አንዴ፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ የሳይ ያንግ ሽልማት ወደ አትላንታ መጣ። እርግጥ እነዚህ ሦስቱ በማንም እጅ ታላቅ ይሆኑ ነበር። የሚያስደንቀው ለዓመታት ተራቸውን እየጠበቁ ጉብታው ላይ መገኘታቸው ነው።

ማዞኒ እዚያ 15 ዓመት ሲቆይ ዋናው አሰልጣኝ ቦቢ ኮክስ ነበር፤ በየጨዋታው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ሴይን በሕይወቱ እንዲህ ያለ አለቃ ያገኘው ከታነር ጋር ብቻ ነው፤ ታነር በ1986 አትላንታን ሲይዝም ሁለቱ እንደገና አብረው ሠሩ። ማዞኒ በ2005 መጨረሻ ላይ ወደ ባልቲሞር ሄደ። ያንኑ የሁለት ጊዜ ውርወራ ይዞ ቢሄድም በሁለት ዓመት ውስጥ ተሰናበተ። ሴይን የሞተው በ2006 ኖቬምበር፣ በ89 ዓመቱ ነው።